ከጋያ እስከ አንድ ፍሬ ሲጋራ፦ ትምባሆና ወጣቶች በኢትዮጵያ

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ አውሮፓንና የኦቶማን ቱርኮችን ግዛት ካዳረሰ በኋላ በቀይ ባሕር ንግድ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ። ከጠረፍ ወደ ደጋው ያመጡት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ይህ የአመጣጥ መንገድ በደጋው ክርስቲያን አገር የትምባሆን ዕጣ ለረጅም ዘመን ወሰነው፤ ቅጠሉ ከተሸከመው ሰው ጋር አንድ ላይ ታየና ማጨስ የሱስ ወይም የጤና ጉዳይ ሳይባል በፊት የሃይማኖት መለያ ሆነ። በቆላው፣ በምሥራቁና በደቡቡ ግን ማንም ሳያወግዘው ከቤት ዕቃና ከጓሮ ተክል ተቆጠረ።

በኦሮሞ፣ በጉራጌና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድ የኖረው ማጨሻ ጋያ ነው። ከታች ውኃ የሚይዝ ቅል፣ ከላይ ትምባሆውና ፍሙ የሚቀመጥበት የሸክላ አፍ፣ ከጎኑ ጭሱ የሚሳብበት መቃ አለው። ጭሱ በውኃው ውስጥ ሲያልፍ ያንቆረቁራል። በአርብቶ አደሩ ዘንድ ደግሞ ጋያ ተሸክሞ ከከብት ኋላ መዞር ስለማይመች ሱረት ይበልጥ ተስማማ፤ ደርቆ የተፈጨውን ቅጠል በትንሽ ዕቃ ይዞ በአፍንጫ መሳብ ወይም ከከንፈር ሥር መያዝ ይበቃል። በጋምቤላ ኑዌሮችና አኙዋዎች በፒፓ ያጨሳሉ፤ እዚያ ሴት አጫሽ ማየት እንደ ደጋው ከተማ ዓይን የሚያስፈጥጥ ነገር አይደለም።

ስለ ወጣቶች ሲነሣ ከጋያ አንድ ነገር መያዝ ይገባል። ጋያ ተቀምጠው የሚያጨሱት፣ እሳትና ውኃ የሚፈልግ፣ ድምፅም ሽታም ያለው ዕቃ ነው። ተደብቆ ማጨስ አይታሰብም። የሚያጨሰው አባወራ ወይም ሽማግሌ፣ ቦታው ቤት ወይም ደጅ፣ ሰዓቱ ሥራ የተፈታበት ነበር። ልጅ ሽታውን እየለመደ ቢያድግም ቧንቧውን ለመጨበጥ ዕድሜውና ማዕረጉ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት። ትምባሆውን ያለማመዱትም፣ እስከዚያ ድረስ የከለከሉትም እነዚያው ትልልቆች ነበሩ። ሲጋራ በኋላ ያፈረሰው ይህን ሥርዓት ነው።

በደጋው ክርስቲያን አገር ቀሳውስቱ ትምባሆን አጥብቀው አወገዙ። ቅጠሉ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚል ትረካ ተሰራጨ፤ እንዲህ ያለ ተክል በአፍ ማስገባት ደግሞ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላ ወገን መሻገር ተደርጎ ተቆጠረ። ክልከላው የመንግሥት ሕግ ሆኖ ከሁሉ የከፋው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የአገሪቱን ሃይማኖት በአንድ መስመር ለማዋል የተነሡት ንጉሥ ትምባሆንም አላለፉትም። ሲያጨስ የተገኘ ከንፈሩን፣ ሱረት ሲስብ የተያዘ አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑ አውሮፓውያን ተጓዦች ጽፈዋል። ቅጣቱ በስንት ሰው ላይ እንደተፈጸመ ከመቁጠር ይልቅ ምን ለማድረግ እንደታሰበ ማየት ይሻላል፦ አጫሹ በፊቱ ላይ ምልክት ይዞ እንዲዞር ነው። ሳንባና ልብ የሚባል ነገር በዚህ ክልከላ ውስጥ አልነበረም፤ ጉዳዩ የማን ወገን ነህ የሚል ነበር።

ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1889 መተማ ላይ ሲወድቁ ክልከላው አብሯቸው ላላ። ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲያሰፉ ጋያና ሱረት የለት ተለት ኑሮ የሆኑባቸው ሕዝቦች በብዛት በአንድ መንግሥት ሥር ተጠቃለሉ፤ ከንፈር የሚቆርጥ ሕግ ይዞ እነዚህን ማስተዳደር አይቻልም። አዲስ አበባም የውጭ ዲፕሎማት፣ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴ የሰፈረባት ከተማ ሆነች። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከሌላው ሸቀጥ ጋር የተጠቀለለ ሲጋራ በካርቶን ይገባ ጀመር።

ሲጋራ ከጋያ የሚለየው በቅርጹ ብቻ አይደለም። በኪስ ይያዛል፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ክብሪት ካለ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከአጥር ኋላ ቆሞ፣ ሰው ሲመጣ ጥሎ በእግር ረግጦ መደበቅ ይቻላል። ትልልቆች ሳይፈቅዱለት ማጨስ የሚችል ልጅ የተፈጠረው ከዚህ ዕቃ ጋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 የቆየው የጣሊያን ወረራ ነገሩን አፈጠነው፤ የወታደሩ፣ የሾፌሩና የመንገድ ሠራተኛው ሲጋራ ከከተማ ወጥቶ መኪና እስከደረሰበት ሁሉ ተጓዘ። በሥራ ቦታ ከባዕድ ጋር የዋለ ጎረምሳ ሲጋራውንም አብሮ ለመደ።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ራሱ ነጋዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 የኢትዮጵያ ትምባሆ ሞኖፖል በአዋጅ ተቋቋመ፤ ቅጠል መግዛት፣ ሲጋራ መሥራት፣ ማስመጣትና ማከፋፈል በአንድ እጅ ገባ። ጦርነት ያራቆተው ግምጃ ቤት ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ትምባሆ ደግሞ ከጨውና ከአልኮል ጋር ለየትኛውም መንግሥት በቀላሉ የሚሰበሰብ ገቢ ነው። በሸዋ ሮቢት፣ በብላቴና በሐዋሳ አካባቢ የትምባሆ እርሻዎች ተስፋፉ። ከአዲስ አበባው ፋብሪካ የወጡት ሲጋራዎች ስማቸው ከአገር የተወሰደ ነበር፤ ኒያላ፣ ግስላ፣ እሌኒ። ኒያላ በተለይ ከሲጋራ ስምነት አልፎ የሲጋራ ሁሉ መጠሪያ እስከመሆን ተጠጋ። የዱር እንስሳና የንግሥት ስም በፓኬት ላይ መታተሙ ነገሩን ባዕድ ሳይሆን የቤት አስመሰለው። ከመቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ በፊት ከንፈር ያስቆርጥ የነበረ ነገር አሁን የመንግሥት ማኅተም ያለው የአገር ምርት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሲጋራ ከዘመናዊነት ጋር የተጋባው በከተማ ነው። በአዲስ አበባ የኢምፓየርና የአምባሳደር ሲኒማ ቤቶች ፊልም የሚያይ ተማሪ፣ ጀግናው ከመናገሩ በፊት ሲጋራ ሲለኩስ ያያል። በዚያን ጊዜ የሆሊዉድ ጀግና ያለ ጭስ ብዙም አይታይም ነበርና ይህ የአዲስ አበባ ልጅ ብቻ ያየው ነገር አይደለም፤ እዚህ ግን ፊልሙ የመጣው ማጨስን ከነውር ከሚቆጥር ቤት ለወጣ ልጅ ነው። ቤተሰቡ የሚያፍርበትን ነገር ስክሪኑ ያከብረዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ ከውጭ ተምሮ የመጣው፣ መኮንኑ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ በጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ ነበረው። አራዳ መሆን ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ጎረምሳ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። «ፋራ» ላለመባል የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ርካሽ ነበር።

ርካሽነቱ የመጣው ከችርቻሮው ነው። ደረቱ ላይ ሣጥን አንጠልጥሎ ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ሶፍትና ሲጋራ የሚሸጠው ሱቅ በደረቴ፣ የሰፈሩ ኪዮስክ፣ የጫት መሸጫው ጠረጴዛ ሁሉ ፓኬቱን ከፍተው በፍሬ ይሸጣሉ። 20 ፍሬ የሚይዝ ፓኬት ለመግዛት የተማሪ ኪስ አይበቃም፤ ለአንድ ፍሬ ግን የታክሲ መልስ ይበቃል። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች አንድ ፍሬ ገዝተው ተራ በተራ ይስባሉ። ሻጩ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ጠዋት ጫማ ሲጠርግ ውሎ ማታ ሲጋራ የሚያዞር ልጅ፣ ከሚያስተናግዳቸው ሰዎች ጋር እሳት እየተቀባበለ ዕቃውን ከማንም ቀድሞ ይለምደዋል። የዕድሜ ገደብ ይከበር ቢባል መጀመሪያ ጥያቄ የሚነሣው በገዢው ሳይሆን በሻጩ ዕድሜ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር ማንም ወንጀል ብሎት የማያውቅ ልማድ አለ። አባት ወይም አጎት «ሂድ፣ ከሱቅ ሁለት ሲጋራ አምጣልኝ» ብሎ ልጅ ይልካል። ልጁ ታዛዥነቱን እያሳየ የሲጋራን ዋጋ፣ ስምና መሸጫ ይማራል፤ ባለሱቁም ለልጅ መሸጥን ይለምዳል። ያው ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለራሱ ሲገዛ ባለሱቁ ለማን እንደሆነ አይጠይቀውም።

በደርግ ዘመን ሞኖፖሉ በመንግሥት እጅ እንደቆየ ከክብሪት ጋር ተጣምሮ የብሔራዊ ትምባሆና ክብሪት ኮርፖሬሽን ሆነ። ዘመኑ የዘመቻና የውትድርና ነበር። ከትምህርት ቤት ወይም ከመንገድ ተይዞ ወደ ግንባር የሄደ ወጣት በምሽግ ውስጥ ከሚጋራው ጥቂት ነገር አንዱ ሲጋራ ነው፤ በየትኛውም አገር ጦር ቤት እንደሚታየው ብርድን፣ ራብንና ፍርሃትን ማስታገሻ ተደርጎ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጦሩ ሲበተን ብዙ ሰው ሱሱን ይዞ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ አልፎ በኢትዮጵያ አጫሽ ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች ትምባሆ አጠቃቀም ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ከመቶ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1 ከመቶ፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ። ድህነት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ነውር ነው። የዮሐንስ ሕግ ከተረሳ ከመቶ ዓመት በኋላም የአጥባቂው ክርስቲያን ቤት በሲጋራ ሽታ ይደነግጣል፤ የሙስሊሙ ቤትም ቢሆን ዛሬ ከዚያ አይለይም። በታላቅ ፊት ማጨስ ድፍረት ነው። ጎልማሳ ሰው እንኳ አባቱ ሲመጣ ሲጋራውን ይጥላል፤ ተማሪ መምህሩን ሲያይ እጁን ከኋላው ይደብቃል።

ይህ ነውር ብዙ ልጆችን ጠብቋል። ግን ሌላም ሥራ ይሠራል። በታላቅ ፊት የማይደረግ ነገር ሁሉ በእኩዮች መካከል የሚደረግ ይሆናል፤ በዚያም የቡድን ምስጢር ይሆናል። ምስጢሩን የተካፈለ ወዳጅ ነው፣ አልካፈልም ያለ ደግሞ የሚያሳብቅ ይመስላል። የአቻ ግፊት የሚባለው በትምህርት ቤት ክበባት እንደሚነገረው «አጭስ» ብሎ ማስገደድ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ምንም አይልም። ፍሬዋ በክበቡ ትዞራለች፤ ተራው የደረሰው ልጅ ወይ ይቀበላል ወይ ያሳልፋል፣ ሁሉም ያያል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ የተደረገው የወጣቶች ትምባሆ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። በወቅቱ ሲጋራ እናጨሳለን ያሉት ከወንዶች 4.5 ከመቶ፣ ከሴቶች 1 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከዕድሜ፣ ከፆታና ከወላጅ ማጨስ ሁሉ ተለይቶ ጎልቶ የወጣው ግን የሚያጨስ ጓደኛ መኖር ነበር፤ ጓደኞቹ የሚያጨሱ ተማሪ ራሱ የማጨስ ዕድሉ ከሌላው ብዙ እጥፍ ነው። እርግጥ አጫሽ አጫሽን ፈልጎ ይወዳጃል፤ ስለዚህ ጓደኝነቱ ማጨሱን እንዳመጣ ወይም ማጨሱ ጓደኝነቱን እንዳመጣ ከአንድ ጥናት መለየት አይቻልም። በሰፈር ግን ሁለቱም አንድ ላይ ሲሄዱ ይታያል።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በኋላ ሲጋራ ሁለት አዳዲስ ጓደኞች አገኘ። የመጀመሪያው ጫት ነው። ጫት በሐረርጌና በሌላውም ምሥራቅ ጥንታዊ ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በዩኒቨርሲቲ ከተሞችና በአውራ ጎዳና ዳር የወጣቱ መዋያ የሆነው ግን በቅርቡ ነው። በርጫ ላይ ለሰዓታት ተቀምጦ የሚቅም ሰው ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራ ይፈልጋል፤ ያለ ጫት የማያጨስ፣ ከጫት ጋር ግን ፍሬ በፍሬ የሚያያይዝ ወጣት ብዙ ነው። ለፈተና ለማንበብ ጫት የጀመረ ተማሪ ሲጋራውን ሳያስብበት ይለምደዋል፤ ጫቱን ሲተው ሲጋራው ይቀራል።

ሁለተኛው ሺሻ ነው። በድሬዳዋና በጅግጅጋ ቀድሞ ይታወቅ የነበረው ሺሻ በአዲስ አበባ ቤቶች ሲስፋፋ፣ ሲጋራ ያልደረሰበትን ደረሰበት፦ ልጃገረዶችን። በመንገድ ሲጋራ የያዘች ሴት ወዲያው ስም ይወጣላታል። ሺሻ ግን ከመጋረጃ ኋላ፣ በፍራሽ ላይ፣ የአፕል ሽታ ይዞ የሚጨስ በመሆኑ ማጨስ አይመስልም፤ ውኃው ጭሱን ያጥበዋል የሚል እምነትም አለ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ኒኮቲኑንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀርም። በነገሩ ቅርጽ ካየነው ሺሻ የጋያ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ በዙሪያው ሽማግሌ አለመኖሩ ነው። ፖሊስ በየጊዜው ሺሻ ቤት እየፈተሸ ዕቃውን በአደባባይ ያቃጥላል፤ ቤቶቹም በር ለውጠው ይከፈታሉ።

መንግሥት ከሻጭነት ወደ ተቆጣጣሪነት የዞረው ቀስ ብሎ ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሲጋራ ማስታወቂያ ቀድሞ ተከለከለ፤ የ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅም ክልከላውን አጸና። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 ፈርማ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822 አጸደቀች። ጥር 2011 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ተከለከለ። በማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በማመላለሻ ማጨስ ታገደ። ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ቀረ። የፓኬቱ የፊትና የኋላ ገጽ 70 ከመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ታዘዘ፤ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ከገበያ ታገዱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 ከመቶና በፓኬት 8 ብር ጣለ።

የሚገርመው የጊዜው መገጣጠም ነው። ሕጉ በሚረቀቅበት በዚያው ሰሞን መንግሥት የቀድሞው ሞኖፖል ወራሽ የሆነውን የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን ድርሻ ለጃፓን ቶባኮ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 መጨረሻ ተጨማሪ 30.95 ከመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር። አጫሹ ጥቂት ለሆነበት አገር ይህን ያህል የሚከፍል ኩባንያ ዓይኑ በዛሬው አጫሽ ላይ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ከሕዝቡ አብዛኛው ወጣት ነው፣ ወጣቱም ገና አያጨስም። በሌላ በኩል መንግሥት ከፋብሪካው ባለቤትነት መውጣቱ ለሕጉ ነፃነት ሰጥቷል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ራሱ የሚሸጠውን ሲጋራ ላይ ሥዕል መለጠፍ የማንንም መሥሪያ ቤት እጅ ያስራል።

ሕጉ ከወጣቱ ጋር የሚገናኘው ግን ፓኬቱ በተከፈተበት ቦታ ነው። በፍሬ የሚገዛ ልጅ የተበላሸውን ሳንባ ሥዕል አያይም፤ ሥዕሉ ከሻጩ ሣጥን ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. በፓኬት የተጣለው 8 ብር ለ20 ሲከፋፈል በፍሬው ላይ ከግማሽ ብር በታች ስለነበር ሳንቲም ለሚቆጥር ገዢ እንኳ ብዙም አልታወቀም። ከጠረፍ በኮንትሮባንድ የሚገባው ሲጋራ ታክሱንም ሥዕሉንም አያውቅም። የሻጩን ፈቃድ መንጠቅ ቅጣት የሚሆነው ፈቃድ ላለው ሱቅ ነው፤ ሱቅ በደረቴው ፈቃድ ኖሮት አያውቅም፣ ሣጥኑ ቢወረስም በጥቂት ቀን ሌላ ሣጥን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የቁጥጥሩ ሥራ ከፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወደ ክልልና ከተማ ተቆጣጣሪዎች፣ ከእነርሱም ወደ ወረዳ ደንብ አስከባሪዎች ሲወርድ፣ ሥራው ሲጋራን ከመቆጣጠር ይልቅ የጎዳና ንግድን ከመቆጣጠር ጋር ይቀላቀላል። በምግብ ቤቶችና በሆቴሎች ውስጥ ማጨስ ግን በግልጽ ቀንሷል፤ አጫሹ ወደ በረንዳና ወደ ደጅ ወጥቷል፣ የትምህርት ቤት ልጆች በሚያልፉበት መንገድ ዳር።